የጽሕፈት መኪና አባት፤ ክሪስቶፈር ሾልስ

የሰው ልጅ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው በድምፁ ይታወቃል። የአንጥረኛው መዶሻ፣ የሸማኔው መወርወሪያ፣ የእናቶች ሙቀጫ፣ የወንዝ ዳር ወፍጮ፣ ሠራተኛው ለዓይን ሳይታይ ሥራው በሩቅ ይሰማል። የጸሐፊ ሥራ ግን ለብዙ ዘመን ድምፅ የሌለው ሥራ ሆኖ ኖረ። ብራናውን ዘርግቶ፣ የመቃ ብርዑን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በየቀንዱ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከአጠገቡ ለተቀመጠው እንኳ ከጥቂት የመጫር ድምፅ በቀር አያሰማም ነበር። ይህን የዝምታ ሥራ ድምፅ ያለው ሥራ ያደረገው፣ የመዝገብ ቤቱ በር ሳይከፈት በውስጡ ደብዳቤ እየተጻፈ መሆኑን መንገደኛው ሁሉ እንዲያውቅ ያደረገው የጽሕፈት መኪና ነው።

ቀጭ ቀጭ የሚለው የፊደል ምት፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲል የምትጮኸው ትንሽ ደወል፣ ከዚያም ወረቀቱን የያዘው ክፍል ወደ መነሻው ሲመለስ የሚሰማው የጥርስ መንሸራተት፣ እነዚህ ሦስት ድምፆች ተባብረው ለመቶ ዓመት ያህል የመንግሥት ሥራ ድምፅ ሆነው ኖረዋል። በአዲስ አበባ ሚኒስቴሮች ብቻ ሳይሆን በየጠቅላይ ግዛቱና በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ በየፍርድ ቤቱም ደጃፍ ማመልከቻ ከሚጽፉት ዘንድ ይሰሙ ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ስለ ተካቸው በጥቂት ቦታ ካልሆነ በቀር አይሰሙም። ይሁን እንጂ ወጣቱ ሠራተኛ ዛሬ በኮምፒዩተሩ ወይም በእጅ ስልኩ በላቲን ፊደል ሲጽፍ ጣቱ የሚያርፍበት የፊደል አቀማመጥ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ያን አቀማመጥ ያወጣው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ ከድካሙስ ምን እንዳገኘ ማወቅ፣ በየዕለቱ በጣት ሥራ ለሚያድር ሰው ሁሉ የሚገባ ነገር ይመስለናል። ስለ እሱ በምንተርከው ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪስቶፈር ላታም ሾልስ በሰሜን አሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሙርስበርግ በምትባል ትንሽ መንደር በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1819 ተወለደ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር። የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ ነበር፤ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉም የተወለዱት በዚያው ዓመት አካባቢ ነው። ሾልስ ዕድሜው ለሥራ እንደ ደረሰ ዳንቪል በምትባል ከተማ በጋዜጣ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። የማተሚያ ቤት ተለማማጅ በዚያ ዘመን የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ በመስመር ይደረድር ነበር፤ ፊደሉ የሚደረደረው ተገልብጦ ስለ ሆነ ጽሑፍን ከኋላው ማንበብ ይለምዳል። ይህ የልጅነት ትምህርት በኋላ ለሠራው ሁሉ መሠረት ሆነለት። ፊደል ለእሱ በቀለም የሚሳል መልክ ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚያዝ፣ ክብደት ያለው፣ ሲመታ የሚጮኽ ብረት ሆኖ ታየው።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ ምዕራብ፣ ገና አዲስ ወደ ነበረችው የዊስኮንሲን ምድር ሄደ። በዚያም ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ ኋላም ኬኖሻ በተባለችው ከተማ የራሱን ጋዜጣ ያሳትም ጀመር። ከጋዜጠኝነቱ ጋር ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ በዊስኮንሲን የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች በተለያዩ ጊዜያት ተመርጦ አገለገለ።

በዚህ ዘመኑ የሠራው አንድ ሥራ ከመኪናው ያላነሰ መታሰቢያ ይገባዋል። በ1851 ዓ. ም. በኦገስት ወር በኬኖሻ ከተማ ጆን ማካፍሪ የተባለ ሰው ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ተሰቀለ። ሰውዬው በገመዱ ላይ ወዲያው አልሞተም፤ ብዙ ደቂቃ ሲጣጣር ሕዝቡ ቆሞ አየ። የሾልስ ጋዜጣ ይህን ነገር አጥብቆ ነቀፈ። እሱም በጽሑፍ ነቅፎ ብቻ አልተወውም፤ በ1853 በምክር ቤቱ አባልነቱ የሞት ቅጣት ከዊስኮንሲን ሕግ እንዲሰረዝ ከተከራከሩት ዋና ሰዎች አንዱ ሆነ። ሕጉም በዚያው ዓመት ጸደቀ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዊስኮንሲን ግዛት ሕግ በሞት የተቀጣ ሰው የለም። የሾልስ ጠባይ በዚህ ይታወቃል፤ ድምፁ ከፍ የማይል፣ ፊት ለፊት መሆን የማይወድ፣ ነገር ግን የያዘውን ነገር እስኪፈጽም የማይለቅ ሰው ነበር።

ኋላ ሚልዎኪ ወደ ተባለችው ከተማ ተዛውሮ በጋዜጣ አዘጋጅነት ሠራ፤ በፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ዘመንም በዚያች ከተማ ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆነ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የጽሕፈት መኪና አባት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የፈጠራ ሥራውን የሠራው ከቢሮ ሰዓት ተርፎ በሚያገኘው ጊዜ ነው።

በሚልዎኪ ክላይንሽቶይበር የተባለ ሰው አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነበረው፤ ፈጠራ የሚወዱ ሰዎችም በዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ሾልስና ሳሙኤል ሱሌ የተባለ የማተሚያ ቤት ጓደኛው በዚህ ቤት ውስጥ በመጽሐፍ ገጽና በትኬት ላይ ተራ ቁጥር የሚያትም አነስተኛ መኪና ሠርተው በ1866 የፈጠራ መብት አገኙበት። በዚያው ቤት የእርሻ መሣሪያ ለመፍጠር ይደክም የነበረ ካርሎስ ግሊደን የተባለ ጠበቃ ይህን አይቶ፣ ቁጥር ማተም የሚችል መኪና ፊደልና ቃል ማተም ለምን ያቅተዋል የሚል ሐሳብ አመጣ። በ1867ም ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት በለንደን ስለ ታየ ስለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ጽፎ ስለ ነበር ግሊደን ጽሑፉን አምጥቶ ለሾልስ አሳየው።

እርግጥ ነው፣ ከሾልስ በፊት በዚህ ሐሳብ የደከሙ ብዙዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ሚል የተባለ ሰው በ1714 መብት አውጥቶ ነበር፤ በኢጣልያም ፔሌግሪኖ ቱሪ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዓይኗ ለታወረ አንዲት እመቤት ደብዳቤ መጻፊያ መሣሪያ ሠርቶላታል። ነገር ግን ከእነዚያ አንዱም በገበያ ተሽጦ፣ በየቢሮው ገብቶ የዓለምን ሥራ የለወጠ አልነበረም።

ሾልስ ሥራውን የጀመረው በአንዲት ፊደል ነው። የቴሌግራም መምቻ አመጣና በላዩ አንድ ፊደል የተቀረጸበት ትንሽ ብረት አሰናዳ፤ ከላይ መስታወት፣ በመስታወቱም ሥር ስስ ወረቀትና ካርቦን አደረገ። መምቻውን ሲጫነው ብረቱ ከታች ወደ ላይ ተነሥቶ ካርቦኑን መታ፤ በወረቀቱም ላይ የላቲኑ ደብልዩ ፊደል ታተመች። ደጋግሞ ሲመታ ደጋግማ ታየች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የጠራ። ጣት ሲጫን ብረት ተነሥቶ ወረቀት የሚመታበት ያ ድምፅ በኋላ በዓለም ቢሮዎች ሁሉ የሚሰማው ድምፅ ወላጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ሰዎች ለፊደሉ ሁሉ የሚበቃ መኪና ሠሩ። የመጀመሪያው ሞዴል ቁልፎቹ የፒያኖ ቁልፍ ይመስሉ ነበር። የፈጠራውንም መብት በጁን 23 ቀን 1868 አገኙ። ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ በዚያው በመኪናው ደብዳቤ እየጻፉ ለሚያውቋቸው ሰዎች ላኩ። ከተቀባዮቹ አንዱ ጄምስ ዴንስሞር የሚባል፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ በሙግት የማይበገር ሰው ነበር። ዴንስሞር መኪናውን ሳያይ ስድስት መቶ ዶላር ከፍሎ የአንድ አራተኛ ባለድርሻ ሆነ። በ1868 መጥቶ ሲያየው ግን ሐሳቡ እንጂ ዕቃው እንደማይረባ ተናገረ። ሱሌና ግሊደን ተስፋ ቆርጠው ከሥራው ወጡ። ዝምተኛው ሾልስና ጯኺው ዴንስሞር ብቻቸውን ቀሩ።

ከዚህ የሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የሾልስ የመከራ ዓመታት ናቸው። ዴንስሞር እያንዳንዱን አዲስ ሞዴል በሥራ እንዲፈትኑት ለሰዎች ይልክ ነበር። ከፈታኞቹ መካከል በዋሽንግተን የነበረው የፍርድ ቤት የአጭር ጽሕፈት ሠራተኛ ጄምስ ክሌፈን ከሁሉ የከበደ ነበር። የተላከለትን መኪና ሁሉ ሌሊትና ቀን እየሠራበት ይሰብረዋል፤ ከዚያም ጉድለቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ይጽፋል። ሾልስ በዚህ እጅግ ተቈጣ፤ ሥራውንም ሊተው ደረሰ። ዴንስሞር ግን ጉድለቱን ፋብሪካ ከገባ በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ እንደሚሻል አስረዳው። ሾልስም ቁጣውን ዋጥ አድርጎ እንደገና ወደ ሥራ ጠረጴዛው ተመለሰ። በዚህ ዓይነት እየተሠራ የተሰበረው ሞዴል ደርዘኖች የሚቆጠር ነው።

የፊደል አቀማመጡም የተወለደው በዚሁ ድካም ውስጥ ነው። መጀመሪያ ፊደሎቹ በተለመደው ተራቸው ተደርድረው ነበር፤ ሾልስ ግን ቦታቸውን ደጋግሞ እየለዋወጠ ዛሬ ለምናውቀው የተቃረበ አቀማመጥ ላይ ደረሰ። ይህን ያደረገበትን ምክንያት ሊቃውንት ይከራከሩበታል። አንዳንዶቹ አዘውትረው የሚከታተሉ ፊደሎች ክንዶቻቸው እንዳይጋጩና እንዳይቆላለፉ አራርቆ ለማስቀመጥ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ መኪናውን በመጀመሪያ ከተጠቀሙበት መካከል የቴሌግራም ተቀባዮች ስለ ነበሩ አቀማመጡ ለእነሱ ሥራ እንዲመች የተደረገ ነው ይላሉ። የሆነ ሆኖ አቀማመጡ ከመኪናው ዕድሜ በለጠ፤ ብረቱ ሲቀር እሱ ቀረ።

በማርች 1 ቀን 1873 ዴንስሞር በኒው ዮርክ ግዛት ኢልየን ከተማ ከሚገኘው ከሬሚንግተን ፋብሪካ ጋር ውል ተዋዋለ። ሬሚንግተን ጠመንጃ ሠሪ ነበር፤ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ካለቀ በኋላ ግን የጠመንጃ ገበያ ስለ ቀዘቀዘ የስፌት መኪናም ይሠራ ጀምሮ ነበር። ለሾልስ ፈጠራ የተሰጡት ባለሙያዎችም ከስፌት መኪናው ክፍል የመጡ ነበሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው የጽሕፈት መኪና እንደ ስፌት መኪና በአበባ ሥዕል አጊጦ፣ በስፌት መኪና ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ መስመር ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ መነሻው የሚመልሰው በእግር መርገጫ ሆኖ ወጣ። በእኛ ቋንቋ አንዱ የስፌት መኪና፣ ሁለተኛው የጽሕፈት መኪና መባላቸው የስም ዝምድና ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ ከአንድ ቤት የወጡ እኅትማማቾች ናቸው።

መኪናው በ1874 በ125 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ዋጋው ውድ ነበር። የሚጽፈው በትልልቅ ፊደል ብቻ ነው፤ ፊደሎቹም የሚመቱት ከወረቀቱ በታች ስለ ሆነ ጸሐፊው የጻፈውን ለማየት ወረቀቱ የተጠቀለለበትን ክፍል ብድግ ማድረግ ነበረበት። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ፊደሉ መታተሙን የሚያውቁት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነበር ማለት ነው። ድምፁ ምስክራቸው ነበር። ዝነኛው ደራሲ ማርክ ትዌይን ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ሆነ፤ ተራው ሕዝብ ግን ቶሎ አልተቀበለውም። በመኪና የተጻፈ ደብዳቤ የደረሳቸው አንዳንድ ሰዎች፣ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ እንደማንችል ተቆጥረን ተናቅን ብለው ይቀየሙ እንደ ነበር ይነገራል። በ1878 ትልልቁንም ትንንሹንም ፊደል የሚጽፍ ሁለተኛው ሞዴል ከወጣ በኋላ ነው ገበያው ቀስ በቀስ የደራው።

ሾልስ ግን ያን ጊዜ የገንዘቡ ተካፋይ አልነበረም። የመብት ድርሻውን በ12 ሺህ ዶላር ሸጦ ነበር። ዴንስሞር በተሸጠው መኪና ቁጥር ድርሻ እንዲከፈለው አጥብቆ ስለ ያዘ በመጨረሻ ባለጸጋ ሆነ። ፈጣሪው በአንድ ጊዜ ገንዘብ ተሰናበተ፤ ተከራካሪው የዕድሜ ልክ ገቢ አገኘ። ወጣቱ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሾልስን ሞኝ ይለው ይሆናል። ነገር ግን ሾልስ ዐሥር ልጆች የነበሩት፣ ጤናው የተናጋ፣ መኪናው በእርግጥ ለዓለም የሚጠቅም መሆኑን እንኳ አንዳንድ ጊዜ የሚጠራጠር ሰው ነበር። ብዙ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ሳይሸጥ ባየበት ዘመን የተቆረጠ ገንዘብ መምረጡ የሚያስወቅሰው አይደለም።

ልጁ ሊሊያን በ1872 በአባቷ ሞዴል ፊት ተቀምጣ ስትጽፍ የተነሣችው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ፤ በጽሕፈት መኪና ከጻፉት ሴቶች የመጀመሪያዋ ተብላ ትጠቀሳለች። በ1881 በኒው ዮርክ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ለስምንት ሴቶች የጽሕፈት መኪና ትምህርት ከፈተ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ለዚህ ሥራ አቅም አይበቃትም የሚሉ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ግን ጨርሰው ወዲያው ሥራ አገኙ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የቢሮው ጸሐፊነት በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ሆነ። ከቤት ሥራና ከፋብሪካ በቀር በር ያልተከፈተላት ሴት በራሷ ደመወዝ የምታድርበት አንድ በር ተከፈተላት። በአገራችንም የመንግሥት ቢሮ ለብዙ እናቶቻችን የተከፈተው በዚሁ በር ነው። ሾልስ በሕይወቱ መጨረሻ ከሥራው ሁሉ የተጽናናበት ይህ ነበር፤ ለሚደክሙ ሴቶች ኑሮአቸውን የሚያቃልል ነገር መሥራቱን በማወቁ ደስ ተሰኝቷል።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ታሞ አሳለፈ። ሆኖም አልጋው ላይ ሆኖ አዳዲስ ሞዴሎችን ማሰቡን አልተወም። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1890፣ ሰባ አንድ ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን፣ በሚልዎኪ ዐረፈ። መቃብሩም ለብዙ ዓመት ምልክት ሳይደረግበት ቆየ። በመጨረሻ ሐውልት ያቆሙለት በእሱ መኪና እንጀራቸውን ያገኙ የጽሕፈት ሙያ ሰዎች ናቸው።

ከእሱ ሞት በኋላ መኪናው መልኩም ድምፁም ብዙ ጊዜ ተለወጠ። የጽሕፈት መኪና ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለሚሻ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲጫን ፊደሉን የተሸከመው ክንድ ተወርውሮ በጥብጣቡ በኩል ወረቀቱን፣ ከወረቀቱም ኋላ ያለውን ጎማ የለበሰ ጥቅል ይመታል፤ ይህ ከፍ ያለው ምት ነው። ጣት ሲነሣ አንዲት ጥርስ ትለቀቅና ወረቀቱ የአንድ ፊደል ስፋት ያህል ወደ ግራ ይሸሻል፤ ይህች ከምቱ ጋር ተከትላ የምትሰማዋ ትንሽ ድምፅ ናት። ጎማው ሲያረጅና ሲደርቅ ምቱ እየሰላ ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ባዶ ጣውላ ከሆነ ድምፁ ይበረታል፣ ሥሩ ወፍራም ጨርቅ ከተነጠፈ ይሰክናል። ስለዚህ ሁለት መኪና አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም። ጩኸቱ ያስቸገራቸው ፋብሪካዎች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዝምተኛ የሚባል መኪና ሠርተው ሸጠዋል፤ ዜማው ያስደሰተው አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሌሮይ አንደርሰን ደግሞ በ1950 የጽሕፈት መኪና ከቫዮሊኖቹ ጋር እንደ መሣሪያ የሚመታበት የኦርኬስትራ ድርሰት ደረሰ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሾልስ ሥራ ከአንድ ትልቅ ችግር ጋር ይገናኛል። ሾልስ መኪናውን የሠራው ሃያ ስድስት ፊደል ላለው ጽሕፈት ነው። የእኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው፤ ዲቃሎቹና ሃያው አኃዝ ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ሁሉ አርባና ኃምሳ በማይሞላ ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ኢንጅነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ይህን ችግር ተያይዘው የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው ቀዳሚ ሆኖ ይነሣል። የአማርኛ መኪና መንገድ ፊደሉን አካልና ቅጥያ አድርጎ መክፈል ነበር። ለን ለመጻፍ አንድ ጊዜ መምታት ይበቃል፤ ሉን ለመጻፍ ግን አካሉን አንድ ጊዜ፣ ቅጥያውን ሁለተኛ ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአማርኛ መኪና ድምፁ ከእንግሊዝኛው የተለየ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለአንድ ፊደል አንዴ የሚመታ ሳይሆን አንዴ ነጠላ፣ አንዴ ድርብ እየሆነ የሚሄድ ምት ነበረው። ኋላ እንደ ኦሊቬቲ ያሉ የውጭ ፋብሪካዎች የአማርኛ መኪና እየሠሩ ሲያመጡ ይኸው ድርብ ምት በየቢሮው ተሰማ።

መኪናው ሥራን አፋጠነ፤ በካርቦን ብዙ ቅጂ በአንድ ጊዜ ማውጣት አስቻለ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያላማረውንና ያማረውን ጸሐፊ እኩል አደረገ። ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል። ቅጥያው ከአካሉ ጋር በደንብ ስለማይገናኝ ፊደሉ ተቆራርጦ ይታይ ነበር። በዚህም ምክንያት መኪናው ለፊደሉ ይስተካከል በማለት ፈንታ ፊደሉ ለመኪናው ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚል ክርክር ተነሥቶ ዘመን ፈጅቷል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በአንድ ወገን የዘመኑ ሥራ ፍጥነት፣ በሌላው ወገን ከአባቶች የተወረሰው የጽሕፈት መልክ ነበር።

ይህን ክርክር በሚገባ ለመረዳት ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ አገር መመልከት ይጠቅማል። ይህ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር ነው። የድጓ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ የሚመሰከርበት ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነው ዙር አምባ በጋይንት ምድር ይገኛሉ። በዚያ የሚጻፈው ድጓ ቃሉን ብቻ የያዘ መጽሐፍ አይደለም። በመስመሩ መካከል፣ ከቃሉ በላይ፣ ጥቃቅን ፊደሎችና ምልክቶች ይጻፋሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ለዘማሪው የሚነግሩት እነዚህ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል።

እንግዲህ ነገሩን አነጻጽሮ ማየት ነው። የሾልስ መኪና ሲጽፍ የሚጮኽ፣ ጽፎ ሲጨርስ ግን ድምፁን በወረቀቱ ላይ የማያስቀር ነው። የጋይንት ድጓ ጸሐፊ ደግሞ በዝምታ ይጽፋል፤ ድምፁን ግን በብራናው ላይ አስቀምጦ ይተዋል። ቃሉንና ዜማውን በሁለት መስመር የሚያስኬደውን ይህን ጽሕፈት የጽሕፈት መኪና ሊሠራው ስላልቻለ ሥራው በብርዕ እንደ ተያዘ ቆየ። ፊደሉ ለመኪናው ልክ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ተጎጂ ይህ የጽሕፈት ሀብት ይሆን ነበር።

ጋይንትና አካባቢው መኪና የሚያባዛው ቃል ያለውን ኃይልም በጊዜው አይቷል። በ1922 ዓ. ም. በእኛ አቆጣጠር የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር በአንቺም ሜዳ መጋቢት 22 ቀን ከመግጠማቸው በፊት፣ በወታደሩ ላይ ከአውሮፕላን የታተመ አዋጅና የጳጳሳት የውግዘት ቃል ወርዶ ነበር። ጉግሣ መጻሕፍት ወዳድ መስፍን ነበሩ ይባላል፤ በዚያ ሳምንት ግን በእጅ የሚጻፈው ቃል በመኪና ከተባዛውና ከሰማይ ከሚበተነው ቃል ጋር ሊወዳደር አልቻለም። ራስ ጉግሣም በዚያ ውጊያ ወደቁ።

የፊደሉ ክርክር መጨረሻው ግን ደስ የሚያሰኝ ሆነ። የኮምፒዩተር ዘመን ሲመጣ የቁልፍ ቁጥር ማነስ ፊደልን መቁረጥ የሚያስገድድ ምክንያት መሆኑ ቀረ። በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኢትዮጵያ ፊደል ሳይቆረጥና ሳይቀነስ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገባ። በ2005ም የዜማ ምልክቶቹ፣ እነ ይዘትና ደረት፣ እነ ርክርክና ቁርጥ፣ ዐሥር ሆነው በዚያው መዝገብ ተጨመሩ። የቤተልሔም ተማሪ በመቃ ብርዕ የሚማረው ምልክት ዛሬ በዓለም ኮምፒዩተር ሁሉ የራሱ ቁጥርና ስም አለው። ለመኪናው ሲባል ፊደሉ ይቆረጥ ያሉት ወገኖች ለሥራ መፋጠን አስበው ነው፤ ይሁን እንጂ መኪና በኃምሳ ዓመት የሚለወጥ ዕቃ ሲሆን ፊደል ግን የሺህ ዓመት ዕቃ መሆኑን ጊዜ አስረድቷል።

ከሾልስ ሕይወት ወጣቱ ተማሪና ወጣቱ ሹም የሚወስደው ትምህርት ጥቂት አይደለም። የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው በትርፍ ጊዜው ለዓለም የሚጠቅም ነገር ሊሠራ ይችላል። ሥራውን ሰባብሮ የሚመልስለትን ክፉ ነቃፊ የታገሠ ሰው፣ ከሚያመሰግነው ወዳጅ ይልቅ ከእሱ ይጠቀማል። ባለሙያ ሥራውን ሲያውቅ ውሉንም ማወቅ ይገባዋል፤ ይህን ያላወቀው ሾልስ በ12 ሺህ ዶላር ተሰናብቷልና። ከሁሉ በላይ ግን ሾልስ መኪናውን ለሰው ሊያስማማ ደርዘን ጊዜ አፍርሶ ሠራው እንጂ ሰው ለመኪናው ይስማማ አላለም። ወደ ፊት በየቢሮአችን የሚገባው አዲስ መሣሪያ ሁሉ፣ ድምፅ ያለውም ሆነ የሌለው፣ ለቋንቋችንና ለሕዝባችን እንዲስማማ አፍርሶ የሚሠራው፣ ጉድለቱንም ሳይፈራ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው ከጋይንት ወይም ከስማዳ፣ ከእስቴ ወይም ከሌላው የአገራችን ማዕዘን ዛሬ በትምህርት ቤት ተቀምጦ ያለ ተማሪ ሊሆን ይችላል።